በቅጠል ብብት

ጉሬዛ ከአገሬ ውጭ በገዛ ስሙ ሲጠራ የሰማሁት ኢንቴቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በተመሠረተው የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ አራት ሆነው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ነጭ ጭራቸውን እንደ ነጠላ ዘርፍ ቁልቁል ለቀውታል። አስጎብኚዬ ሽማግሌ ጣታቸውን ቀስረው «ኮሎበስ ጉሬዛ» አሉ። «ይሄ እኮ የኛ ቃል ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጉሬዛዎቹ ዞረው አዩኝ። ሳይንስ ለእንስሳው ስም ሲያወጣ ቃሉን ከእኛ እንደወሰደ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ስሙ የናንተ ነው» አሉኝ እየሳቁ። «እኛ ደግሞ ደሙን ነው የምናውቀው፣ ሴቦ።»

ሴቦ በሉጋንዳ «ጌታው» እንደማለት ነው። ሰውዬው ጡረታ የወጡ የመስክ ሠራተኛ ናቸው። ወጣትነታቸውን ከቫይረስ ተመራማሪዎች ጋር ጫካ ለጫካ ሲዞሩ፣ ወጥመድ ሲያጠምዱ፣ ትንኝ ሲለቅሙ፣ የጦጣ እግር ይዘው ደም ሲያስቀዱ ነው ያሳለፉት። እኔ ወደ ኡጋንዳ የሄድኩት ለሦስት ቀን ስብሰባ ነበር። በእሳቸው ምክንያት 11 ቀን ቆየሁ።

ኢንቴቤ ቶሎ የምታላምድ ከተማ ናት። ስሟ «ወንበር» ማለት ነው፤ እውነትም ስትደርስ መቀመጥ ያምርሃል። ሰዓታቸው እንደኛው ነው፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን እነሱም አንድ ሰዓት ይላሉ። ሰዓትንም «ሳዋ» ነው የሚሉት፤ ከእኛው ቃል ጋር ይዛመዳል። ሚኒባሱን ታክሲ ይሉታል፤ ነጭ ላይ ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ አይኔን ብጨፍን መገናኛ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

እዚህች ጸጥተኛ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1936 የሮክፌለር ፋውንዴሽን የቢጫ ወባ ምርምር ኢንስቲትዩት ከፈተ። ዛሬ የኡጋንዳ ቫይረስ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባላል። ሽማግሌው ከዚያ የወጡትን ቫይረሶች ስም ሲጠሩልኝ የአውቶቡስ ፌርማታ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር፤ ዌስት ናይል፣ ቡዋምባ፣ ሰምሊኪ ፎረስት፣ ቡንያምዌራ፣ ዚካ። ሁሉም የአገር፣ የመንደር ወይም የጫካ ስም ነው። አሳዛኝም ነው። አንድ መንደር እንግዳ ተቀብሎ፣ ደም ሰጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ስሙ የበሽታ ስም ሆኖ ይቀራል።

ቢጫ ወባ ወባ አይደለም፤ ስሙ ያሳስታል። ትንኝ ማስተላለፏ ብቻ ነው ያመሳሰላቸው። ይሄኛው ቫይረስ ነው፤ ሲከፋ ጉበት ይጎዳል፣ ዐይን ቢጫ ያደርጋል፣ ደም ያስተፋል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በማክስ ታይለር የተሠራው። ሰውዬው በ1951 ኖቤል ተሸልሞበታል። አገራችን ውስጥ መንገደኛ ሁሉ ከፓስፖርቱ ጋር አጣብቆ የሚይዛት ቢጫ ካርድ የዚህችው ክትባት ምስክር ናት። ኢንቴቤ አየር ማረፊያም መጀመሪያ የተጠየቅሁት እሷኑ ነው። ለዓመታት ይዣት ስዞር ከፍቼ አንብቤያት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው «ዚካን ሳታይ አትሄድም» አሉኝ።

ከኢንቴቤ ወደ ካምፓላ በሚወስደው መንገድ ኪሱቢ አካባቢ ወረድንና ሞተር ሳይክል ተሳፈርን፤ ቦዳ ቦዳ ይሉታል። ዚካ ማለት «ዳዋ የዋጠው» እንደማለት ነው። በዓለም ላይ ያን ያህል ሽብር የነዛ ስም ትልቅ ጫካ ያለው መስሎኝ ነበር። 25 ሄክታር ገደማ ናት። አንዱን ጫፍ ይዘህ ብትጠራ ሌላው ጫፍ ያለ ሰው የሚሰማህ ይመስላል። ግን ገብተህ 20 እርምጃ ስትሄድ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ የመኪናው ድምፅ ይጠፋል፣ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ይቀበልሃል። ከ40 በላይ ዓይነት ትንኝ የተለቀመባት ጫካ ናት። እጅጌዬን እስከ ጣቴ ሳብኩት።

መሀል ላይ የብረት ማማ ቆሟል። ቁመቱ 36 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሽማግሌው እንደነገሩኝ መጀመሪያ የቆመው ምፓንጋ በሚባል ሌላ ጫካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው ተነቅሎ ወደዚህ የመጣው። ያሠራው አሌክሳንደር ሃዶው የሚባል ስኮትላንዳዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነው። ማማው ላይ በየደረጃው ሰው ይቀመጥ ነበር፤ አንዱ መሬት ላይ፣ አንዱ መካከል፣ አንዱ ከቅጠሉ ጣሪያ በላይ። ሥራቸው ትንኝ እስክትነክሳቸው መጠበቅ፣ ስትቀመጥባቸው በብልቃጥ መክደን፣ ሰዓቱንና ከፍታውን መጻፍ። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ። በእንዲህ ዓይነት ጥበቃ ነው «አፍሪካነስ» የምትባለው የጫካ ትንኝ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ያውም ከዛፉ አናት ላይ፣ በብዛት እንደምትናከስ የታወቀው። የሃዶው ስም መጽሐፍ ውስጥ አለ። ክንዳቸውን ገልጠው የተቀመጡትን ኡጋንዳውያን ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

ማማውን ወጣሁ። ግማሹ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ብረቱን አቅፌ ቆምኩ። ሽማግሌው ከታች ሆነው «ወደ ታች አትይ፣ ወደ ላይ እይ» ይላሉ። ላይ ስደርስ የጫካው ጣሪያ ከበታቼ እንደ ተነፋ ጥጥ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሐይቁ ውኃ ያበራል። ከቅጠሎቹ ውስጥ አንዲት ቀይ ጭራ ጦጣ ብቅ አለች። አፍንጫዋ ላይ በዱቄት የታተመች የምትመስል ነጭ ነጥብ አላት። እኔን አየችኝ፣ ልጇን አየች፣ ፍሬዋን መብላት ቀጠለች። እዚያው ላይ ወደድኳት፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ዚካን ዓለም ያወቃት በሌላ ጦጣ ነው፤ ያውም ከእስያ በመጣች። እ.ኤ.አ. በ1947 ተመራማሪዎቹ በዚህ ጫካ ዛፎች ላይ ስድስት መደብ ሠርተው፣ በየመደቡ «ሬሰስ» የተባሉትን የእስያ ጦጣዎች በጎጆ አስቀመጡ። ምክንያቱን ሽማግሌው ሲያስረዱኝ ነው ነገሩ የጣመኝ። የአፍሪካ ጦጣ ቢጫ ወባ ሲይዘው ብዙ ጊዜ ምንም አይመስልም፤ ቫይረሱ ጥቂት ቀን በደሙ ዞሮ ይወጣል፣ እሱም ፍሬውን እየበላ ይቀጥላል። አብረው ብዙ ዘመን ኖረዋል። የእስያው ግን ባዳ ነው፤ ትንኝ ይዛው ስትመጣ ያተኩሰዋል። ስለዚህ እንደ ዘበኛ ዛፍ ላይ ያስቀምጡትና በየቀኑ ትኩሳቱን ይለካሉ።

ኤፕሪል 18 ቀን ቁጥር 766 የሆነችው ጦጣ 39.7 ዲግሪ አሳየች። ቢጫ ወባ መስሏቸው ደሟን ወስደው አይጦች ላይ ሞከሩት። አይጦቹ ታመሙ፤ ቫይረሱ ግን ቢጫ ወባ አልነበረም። የጫካውን ስም ሰጡት። በዓመቱ፣ በ1948 መጀመሪያ፣ ከዚሁ ጫካ ከተለቀሙ አፍሪካነስ ትንኞች ውስጥ ያው ቫይረስ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ዚካ ለ60 ዓመት ያህል ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥራት ቆይታ፣ በ2007 ያፕ በምትባል የፓስፊክ ደሴት፣ በ2015 ደግሞ ብራዚል ውስጥ ብቅ አለች። ዛሬ 766 የነበረችበት መደብ ቦታው እንኳ አይለይም። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሜ «እዚህ ይሆን?» አልኩ፤ ሽማግሌው ትከሻቸውን ሰበቁ።

ማታ፣ ሻይ ላይ፣ ዋናውን ጥያቄዬን አነሣሁ። የአፍሪካ ጦጣ ካልታመመ፣ በሽታው እንደደረሰበት በምን ይታወቃል?

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደኔ ጠጋ አደረጉ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት እንስሳውን ተኩሰው ነበር የሚጥሉት፤ እሳቸውም ጥቂት ደርሰውበታል፤ ሲናገሩት ድምፃቸው ዝቅ አለ። አሁን ግን በወጥመድ ይያዛል፣ ወይም በማደንዘዣ ቀስት ይወጋል። ከተኛ በኋላ ከብሽሽቱ ጥቂት ደም ይቀዳል። ደሙን በማሽን ሲያሽከረክሩት ቀዩ ከታች ይረጋና ላዩ ላይ ብርዝ የመሰለ ውኃ ይቀራል። የሚፈለገው ያ ነው። ድሮ ያንን ውኃ ከሕያው ቫይረስ ጋር ቀላቅለው አይጥ ይወጉበት ነበር። አይጡ ከሞተ፣ ጦጣው ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። አይጡ ከዳነ፣ ጦጣው አንድ ጊዜ ተይዞ አልፎለታል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ነው አይጡን ያዳነው። ዛሬ አይጡ ቀርቶ በሳህን ላይ በተዘረጋ ሕዋስ ይሠራል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

«ከዚያ በፊት ግን ጥርሱን ታያለህ» አሉኝ።

«ጥርሱን?»

«ዕድሜውን ለማወቅ ነዋ። ሽማግሌው ጦጣ ደሙ ውስጥ ቢገኝበት ምን ይነግርሃል? ድሮ ይሁን ዘንድሮ አታውቅም። የዓመት ግልገል ላይ ካገኘህ ግን በሽታው እዚህ ነበር፤ በዓመት ውስጥ። አሁንም ሊኖር ይችላል።»

በቅሎ ገበያ ትዝ አለኝ። አያቴ በቅሎ ሲገዙ ከንፈሯን ገልበጥ አድርገው ጥርሷን ሳያዩ ገንዘብ አያወጡም ነበር። ሽማግሌው ያንኑ ጥበብ ይዘው የጫካ ትኩሳት የሚያልፍበትን ዓመት ያነቡበታል። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እንቅልፌ ይጠፋል።

ማሳሳቻም አለው። ዚካ፣ ደንጊ፣ ዌስት ናይልና ቢጫ ወባ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ መልካቸው ይመሳሰላል። ለአንዱ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ወንድሙንም ሲያይ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ምርመራ «አለበት» ሲል ወዲያው አይታመንም፤ ከወንድማማቾቹ ጋር ሁሉ ተራ በተራ ይፈተሻል። ደምም የማይነካበት ዘዴ መጥቷል፤ ጣፋጭ የተቀባ ገመድ ይወረወርላቸዋል፣ ጦጣዎቹ አኝከው ሲጥሉት ምራቁ ይሰበሰባል። ለዚህኛው ሽማግሌው ብዙም ፍቅር የላቸውም። «ገመዱን ማን እንዳኘከው በምን ታውቃለህ?» ብለው ሻያቸውን ጨለጡ።

ስንለያይ ፎቶኮፒ የተደረገ የወረቀት ክምር አዋሱኝ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሳገላብጥ፣ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ መሀል «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል አየሁ። ቁጭ አልኩ።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962፣ በእኛ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በኦሞና በዲዴሳ ሸለቆዎች፣ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከባዱ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በግምት 100,000 ሰው ታመመ፤ 30,000 ሞተ። ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ከመሞታቸው በፊት ዐይናቸው የቢጫ አበባ የመሰለ 30,000 የአገሬን ሰዎች ኢንቴቤ፣ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ላይ ነው ያገኘኋቸው። አዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሰውን ደም ብቻ አልመረመሩም፤ ጫካ ገብተው የጦጣውን፣ የዝንጀሮውን፣ የጉሬዛውንም ደም አይተዋል። በሽታውን ችለው ያለፉ ከነዚያም ውስጥ ተገኙ።

ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅሁት ቃል መጣ፤ እንሰት። «ሲምፕሶኒ» የምትባለው ትንኝ የምትፈለፈለው እንሰቱና ጎደሬው ላይ፣ ቅጠሉ ግንዱን በሚያቅፍበት ስንጥቅ፣ ብብቱ ውስጥ በሚጠራቀም ውኃ ነው ይላል። እኔ እንሰት ጓሮ ውስጥ ያደግሁ ጉራጌ ነኝ። ዝናብ ካባራ በኋላ ከኮባው ብብት ውኃ እየጨለጥን በልጅነታችን እንረጫጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ዞን ኢኖር ኤነር ወረዳ ቢጫ ወባ ተነሥቶ ክትባት ሲሰጥ ዜናውን ሰምቻለሁ። ከዚያች ከምንረጫጭባት ውኃ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም።

ወረቀቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይጠቁሙ ነበር፤ ቡዋምባ፣ በሰምሊኪ ጫካ ዳር። የአውሮፕላን ትኬቴን አስለወጥኩ።

መንገዱ በፎርት ፖርታል ያልፋል። እዚያ ሰዎች እንግዳ ሲቀበሉ «ኤምፓኮ» የሚባል የቁልምጫ ስም ያወጡለታል፤ ዩኔስኮ መዝግቦታል። እኔ «አሙቲ» ሆንኩ። በስሙ ኮርቼ ሁለት ቀን ራሴን አስተዋወቅሁበት። አቅራቢያው ባለው ኪባሌ ጫካ ቺምፓንዚ ለማየት ስገባ ደግሞ አፍና አፍንጫዬን በማስክ እንድሸፍን ሰጡኝ። ከነሱ ሊጠብቁኝ መስሎኝ አመሰገንኩ። ነገሩ በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ጫካ ውስጥ ከ56 ቺምፓንዚዎች አምስቱ በሳል በሽታ አልቀዋል። የሁለት ዓመቷ ቤቲ ሬሳ ተመርምሮ የተገኘው «ራይኖቫይረስ ሲ» ነው፤ የኛው የሰዎቹ፣ ልጆቻችንን ጉንፋን የሚያሲዘው። ማስኬን አጥብቄ አሰርኩ፤ ሳል እንኳ ባይኖረኝ ማፈን አማረኝ።

ከፎርት ፖርታል ወደ ቡንዲቡግዮ የሚወርደው መንገድ የሩዌንዞሪን ተራራ ጎን እየዞረ ይጠማዘዛል፤ ከታች ኮንጎ ድረስ የተዘረጋው ጫካ ይታያል። ሰምፓያ ላይ ፍል ውኃ አለ፤ ሰዉ እንቁላል ይቀቅልበታል። እኔም ቀቅዬ በላሁ። ጨው ቢኖር ጥሩ ነበር።

ያደርኩባት ሴት ሙዝ ጓሮዋ ከጫካው 50 እርምጃ አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን አስቀምጣ ይዛኝ ገባች። የሙዙ ጥላ፣ እርጥበቱ፣ ከእግር ሥር የሚሰበረው ደረቅ ቅጠል፣ ሁሉም እናቴ ጓሮ ነው። አንዱን ቅጠል ሳብ አድርጌ ብብቱን በስልኬ መብራት አየሁት። ከሲኒ የማይሞላ ቡናማ ውኃ አለ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዐይኔ ሲለምድ ክር የመሰሉ ነገሮች ተገለባብጠው ወደ ታች ወረዱ፣ ትንሽ ቆይተው ጅራታቸውን አስቀድመው ወደ ላይ ተመለሱ። አምስት፣ ስድስት እጭ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እንደገና ሰመጡ።

ሃዶውና ባልደረቦቹ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እዚሁ ሲሠሩ የገጠማቸው እንቆቅልሽ ይሄ ነበር። የጫካው ጦጣዎች ደም ቢጫ ወባን ማለፋቸውን ይናገራል፤ አፍሪካነስ ግን የምትናከሰው በምሽት፣ ከዛፍ አናት ላይ ነው። ታዲያ ሙዝ ጓሮው ውስጥ ያለው ሰው በምን ያዘው? ፈቺዋ ቀይ ጭራ ጦጣ ናት። ማታ ዛፍ አናት ላይ ትተኛለች፣ አፍሪካነስ ትነክሳታለች። ቀን ሙዝ ትሰርቃለች፤ እዚያ ደግሞ ከቅጠል ብብት የወጣችው ሲምፕሶኒ ትጠብቃታለች። ሲምፕሶኒ ከጦጣዋ ተነሥታ ሙዝ የሚቆርጠው ገበሬ ክንድ ላይ ታርፋለች። ሌባዋ ሳታውቀው መልእክተኛ ናት።

ይህን ለአስተናጋጄ ላስረዳት ስጀምር ጓሮው ጥግ ቅርንጫፍ ተንኮሻኮሸ። ነጭ አፍንጫ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ከእኔ ሳይንስ ይልቅ ሙዟ በለጠባት፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረች፣ የማላውቀውን ስድብ አወረደች። ጦጣዋ ግን አንድ ሙዝ በአፏ፣ አንድ በእጇ ይዛ አጥሩን ዘላ፣ ጫካው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጣጩን እየላጠች ታየን ጀመር። እኔ ሳቅሁ፤ ሴትዮዋ አልሳቀችም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ለእናቴ ደወልኩ። ጓሮ ነበረች፤ የእንሰቱ ቅጠል ሲንኳኳ በስልኩ ይሰማኛል።

«እማ፣ ጦጣ እዚያ ጓሮ ይመጣል?»

«ጦጣ? ይመጣል እንጂ! ትናንትና በቆሎውን ጨርሶት ሄደ። ምነው፣ እዚያ የላቸውም?»

«አላቸው» አልኳት፤ እጄ ላይ የተቀመጠችውን ትንኝ እያየሁ። «እዚህም አላቸው።»